ግድግዳው ላይ የወንድሜ ታፔላ

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ በረንዳ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጎኑን ነው ወደ እኛ ያዞረው። መስኮት የለው፣ በር የለው፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ፣ ክሬም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ቤቱ በዕጣ ደርሶን የገባን ሰሞን እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ አየችውና «እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ይሄን ሳይ ልኖር ነው?» አለች። ታላቅ ወንድሜ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ካየው በኋላ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስክሪን ነው» አላት። የቀለደ መስሎን ሳቅን።

ስለዚያ ግድግዳ ማውራት የፈለግኩት በአንድ የገና ምሽት ምክንያት ነው። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የልጇን ጽሑፍ ትጠብቅ ነበር። ልጇ መሞቱን ግቢው ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የእኔ ሥራ እስኪነጋ ድረስ እንዳታውቅ ማድረግ ነበር።

ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አትላስ አካባቢ ያሉ ሆቴሎች ጄኔሬተራቸው እምቢ ሲል የሚደውሉት ለእሱ ነው። ገና ሲደርስም የሆቴሎቹን ፊት በመብራት የሚያለብሰው እሱ ነበር። እማዬን በራይድ ይወስዳትና የሰቀለውን ሁሉ እየዞረ ያሳያታል። እሷም ተመልሳ ሌላ የሚያበራ ሰው እንደሌለ ሁሉ «ልጄ ቦሌን አበራው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ ሲላት ለሁለት ነገር ብቻ መውረድ ጀመረች፤ ለእሁድ አምልኮና ለለቅሶ። መብራት ለማየት ብዬ አራት ፎቅ አልወርድም አለች። ወንድሜ በዚህ ከልቡ አዘነ። ግን አዝኖ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። «አንቺ ካልወረድሽ እኔ ቤት ድረስ አመጣልሻለሁ» አላት።

አመጣላትም። የበረንዳችንን ብረት፣ የጎረቤቶቻችንን በረንዳ፣ የደረጃውን መስኮት ሁሉ ከመርካቶ ባመጣው ባለቀለም መብራት ጠመጠመው። ፕሮጀክተሩን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ተዋሰ። እሁድ እሁድ የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ የሚወጣበት ፕሮጀክተር ነው። የመዘምራኑ ኃላፊ «ከመዝሙር ሌላ ነገር አይቶ አያውቅም፤ አደራ» ብሎ ሰጠው፤ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ይመስል ነበር። ወንድሜ በረንዳው ላይ ሳፋ ደፍቶ ፕሮጀክተሩን እሱ ላይ አስቀመጠውና ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረው።

የመጀመሪያው ዓመት መሳቂያ ሆንን። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል አልተጫነበትም ነበር፤ «መልካም ገና» ሊል የታሰበው ጽሑፍ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ግን ሳጥኑንም አጨበጨቡለት። ወንድሜ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወርዶ ከሥር «አንቺ! አጥፊው!» እያለ ሲጮህ እኔ በሳቅ ፈርሼ ቁልፉን ማግኘት አቅቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተሻሻልን። ጽሑፎቹን ታፔላ ነበር የሚላቸው። መጀመሪያ ሥርዓት ለማስያዝ ነው የተጀመሩት፤ «ዛሬ ማታ እዚህ መኪና አይቆምም፣ ልጆች አሉ» ይላል አንዱ። «እራት ያልበላ ልጅ ወደ ቤት» ይላል ሌላው። ከዚያ ጎረቤቶች የእኛንም ጻፉልን ማለት ጀመሩ። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሙስሊሙ ጎረቤታችን «ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ታፔላ በየዓመቱ ያወጣል፤ ለኢድ ደግሞ በተራችን ለእነሱ እናወጣለን። ጥበቃው የግቢውን መብራት ያጠፋል፤ ሰው ዱካውን፣ በርጩማውን ይዞ ይወርዳል። የቦሌ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ ልጆቹ እሱም የእኛ ሾው አካል ይመስላቸዋል።

የመጨረሻው ታፔላ ሁልጊዜ የወንድሜ ነው፤ ሁልጊዜም ስለ ጨው ነው።

እማዬ ዶሮ ስትሠራ ጨው ታበዛለች። ይህን የማያውቅ የብሎካችን ሰው የለም፤ የማታምነው እሷ ብቻ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ለየቤቱ በሳህን ትልካለች፤ የተላከለት ሁሉ አመስግኖ ይቀበልና ውኃ እየጠጣ ይበላል። ወንድሜ ታዲያ የዓመቱን እውነት በዚያች ምሽት ግድግዳ ላይ ያወጣዋል፤ «እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ጎረቤቶች፣ ጨው በዝቷል አልበዛም?» ግቢው በአንድ ድምፅ «በዝቷል!» ይላል። እማዬ ከበረንዳው ላይ ጣቷን ቀስራ «አልበዛም! ውሸታሞች!» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እልል ይባላል፤ በዓሉ ያን ጊዜ ያበቃል።

ከዚያ ወንድሜ ጁባ ሄደ። አንድ ሆቴል ለጄኔሬተሩ ቋሚ ሠራተኛ ፈልጎ የተሻለ ደሞዝ ሰጠው። ሾው ግን አልቀረም። ታፔላዎቹን እዚያ ሆኖ ሠርቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔ ከቦሌ ቢሮዬ ስመለስ በቤተ ክርስቲያን በኩል አልፌ ፕሮጀክተሩን እቀበልና አሳያለሁ። ጽሑፉ አንድ ጎኑ ሰፍቶ ሌላው ጠብቦ ሲወጣ በቪዲዮ እየደወለ «አለቃ፣ በስተግራ ከፍ አድርጊው፤ ደብተር አጣጥፈሽ ከሥሩ አድርጊ» ይለኛል። አለቃ የሚለኝ በሰው ላይ ስለምጮህ ነው። እኔ ትዕግሥት አልተሰጠኝም፤ ቤተሰቡ ውስጥ የነበረውን ሁሉ እሱ ወስዶታል።

በዚያ ዓመት ታፔላዎቹን ቀደም ብሎ ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ነበር፤ «ፋይናል ነው፣ እንዳትነኪው። ፊደሉንም እንዳታሳንሺ፤ ሰው መነጽሩን ረስቶ ሊወርድ ይችላል። የመጨረሻዋን መስመር ለእማዬ አሁን እንዳትነግሪያት። ግድግዳው ላይ ታንብባት።» ከፍቼ አየሁት። የጨው ጥያቄው እንዳለ ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ፋሲካን እቤት ነኝ።»

ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አጎቴ ከቦሌ ሚካኤል ተነስቶ ቢሮዬ በር ድረስ መጣ። አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቦሌ ሚካኤል የብረታ ብረት ሥራ አለው፣ በሥራ ቀን ቢሮዬ መጥቶ አያውቅም። አብረውት የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። የእድር ሰብሳቢና የእናት ወንድም ጎን ለጎን ቆመው ሲጠብቁህ የሚነገርህን ነገር መጠየቅ አያስፈልግም። መኪና ውስጥ አስገቡኝና ነገሩኝ። ወባ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት፤ ሐኪም ቤት ሳይቆይ አረፈ። የሥራ ባልደረባው ነው ለአጎቴ የደወለው።

ትንሽ ካለቀስኩ በኋላ «እንሂድ፣ ለእማዬ እንንገራት» አልኩ።

«በዓሉ ይለፍ» አለ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ይለፍ?»

«ሬሳው የሚመጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ሬሳ በሌለበት እስከዚያ ምን እናድርጋት? በበዓሉ ማግስት ጠዋት ሽማግሌ ይዘን እንገባለን፤ በወጉ ይነገራታል።»

ይህን ወግ አልወደውም፤ ወድጄውም አላውቅም። እማዬ ደቡብ ያለችው እናቷ ስትሞት እንዲሁ ደብቀዋት ነበር። ያኔም የደበቃት ይሄው አጎቴ ነው። እሷ አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ተቀምጣ ስታጨበጭብ እናቷ አፈር ለብሳለች። በኋላ ሲነገራት ያለቀሰችው ለሁለት ነገር ነው፤ ለእናቷና ለዚያ ጭብጨባ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጉኝ» ብላ በእግዚአብሔር ስም አስምላን ነበር፤ እኔንም፣ ወንድሜንም፣ አጎቴንም።

መሐላውን አነሳሁበት። አጎቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ «አውቃለሁ» አለ። «ግን እሷን ልቀብር አልችልም። እሱን ቀብሬ እሷን ልቀብር አልችልም።» ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ዝም አልኩ። እሺ አላልኩም፤ ግን ዝም ማለት ያው እሺ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይወሩም። ቢሮ ሄጄ ሽንት ቤት ውስጥ አለቅሳለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤት እገባለሁ፤ ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ስለሆነ የእኔም ዓይን መቅላት አይገርማትም። «ወንድምሽ ስልክ አያነሳም» ትለኛለች። «ኔትወርክ ነው፤ ጁባን ታውቂያት የለ» እላለሁ። እሷም በቴሌግራም ድምፅ ትልክለታለች። አንድ ቀን ከጓዳ ሰማኋት፤ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ «ልጄ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን ጽፈህ ይሆን? ጨው አበዛች ብትል ወዮልህ! በል ደውል፣ ደህና ነህ አይደል?» ትለዋለች። መልእክቱ እንዳልተከፈተ የሚያሳየውን ምልክት ማንበብ አትችልም። እኔ እችላለሁ።

የግቢው ሰው ደግሞ ማስመሰል አያውቅበትም። ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ነበር። ለበዓሉ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ብቅ ብለው እንኳን አደረሰሽ ይሏታል፤ ግን ሲስሟት ጉንጯን አይለቁትም። ዘንድሮ ያላመጣልን ሰው የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ በድፎ ዳቦ ላይ ተከመረ። ከሥራችን ያለችው ጎረቤታችን «እማማ፣ ምንም እንዳይቸግርዎ፣ እኛ አለን» ብላ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። እማዬ በሩን ዘግታ «ዘንድሮ ሰው ምን ነካው? እኔ ልሞት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቀች ደግሞ። እኔ ሳህን ለማጠብ ዞርኩ።

የእድሩ ሰብሳቢ በየቤቱ ዞረው ትእዛዝ ሰጥተዋል። ሁሉም እንደ ልማዱ ይውረድ፤ ጨዋታው እንደ ልማዱ ይሁን፤ የልጁ ጽሑፍ ሲወጣ እንደ ሌላው ጊዜ ይጮኽ፤ አንዲት እንባ እንዳትታይ። ለልጆች ግን እንዳይነገራቸው፤ ልጅ ምሥጢር አይችልም። ሁሉንም ነገር አስበውበት ነበር።

ምሽት ላይ እራት እንደተበላ ፕሮጀክተሩን ሳፋው ላይ አደረግሁ። እማዬ ጋቢዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ወንበሯን ከጎኔ አስጠጋች። የታኅሣሥ ብርድ ነበር። አጎቴ ከሳሎን ጠራኝና በሹክሹክታ «የሱን አታውጪው፤ ኔትወርክ ስለሌለ አልላከም በያት» አለኝ።

«ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ካላወጣሁት አሁኑኑ ታውቃለች።»

«እንግዲያው የታችኛዋን መስመር ሰርዢያት። ፋሲካን ምናምን የሚለውን። እባክሽ ልጄ።»

ኮምፒውተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያችን መስመር አየኋት። መሰረዝ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ነው። ግን እንዳትነኪው ብሎኛል። ግድግዳው ላይ ታንብባት ብሎኛል። ከዚህ በኋላ ምንም የሚለኝ ነገር የለም፤ ያለኝ ይኼ ብቻ ነው። የአጎቴ ወግ አለ፣ የእማዬ መሐላ አለ፣ የወንድሜ ቃል አለ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ማክበር አልቻልኩም። እንዳለ ተውኩት።

ጥበቃው የግቢውን መብራት አጠፋ። ባለቀለሙ መብራት በየበረንዳው ብልጭ ድርግም አለ፤ ልጆቹ ጮኹ። የመኪናው ታፔላ ወጣ፣ የእራቱ ወጣ፣ የባለሱቁ ሰላምታ ወጣ። ሰው ያጨበጭባል፤ ግን ስብሰባ ላይ እንደሚጨበጨብ ዓይነት ነው። እማዬ አላስተዋለችም። አንድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብላ «ይሄኛው ከጁባ ይሆን እንዴ?» አለች። ከዚያ «በይ፣ የሱን አምጪው» አለችኝ።

አመጣሁት።

ፊደሉን አላሳነስኩም። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ጨው የሚለው ጋ ስትደርስ «አይ ይሄ ልጅ!» አለች። ከዚያ ታችኛዋን መስመር አየቻት። ጮክ ብላ ነው ያነበበቻት፤ «ፋሲካን… እቤት… ነኝ!» በሁለት እጇ ጭኗን መታች። «ሰምታችኋል? ለፋሲካ ይመጣል! ሰምታችኋል?» ብላ ወደ ግቢው ጮኸች። እንዲያ ደስ ብሏት ያየኋት የመጨረሻ ጊዜ ነው። ጣቷን ቀሰረች፤ «አልበዛም» ለማለት ተዘጋጅታ የግቢውን መልስ መጠበቅ ጀመረች።

«በዝቷል!»

የጮኹት ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ ብቻ። ቀጭን፣ ደስተኛ ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ሁልጊዜ የሚሰማው የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ እልልታው፣ አንዱም የለም። ጩኹ የተባሉት አዋቂዎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሊሆን ይችላል፤ አልወጣላቸውም። ከሆነ ቦታ አንዲት እናት «ዝም በል!» ስትል ተሰማ፤ ልጁ ምን እንዳጠፋ ስላላወቀ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ግቢው ጸጥ አለ። የእድሩ ሰብሳቢ ከፊት ቆመው ነበር። እኝህ ሰውዬ በፀሐይም በጥላም ባርኔጣቸውን አውልቀው አያውቁም። አወለቁት።

የእማዬ ጣት እንደተቀሰረ ቀረ። መጀመሪያ ግቢውን አየች፤ ቀና ብሎ የሚያያት ሰው አልነበረም። ቀጥሎ የበረንዳው በር ላይ የቆመውን አጎቴን አየችው። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ንገሪኝ» አለች። «እሱ አይነግረኝም፤ አውቀዋለሁ።»

አጎቴ «ኧረ እባክሽ…» አለ፤ ለማናችን እንዳለው አላወቅሁም።

«ሞቷል እማዬ» አልኳት።

በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ነበር የሚናገረው። ውኃ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ፣ ቃሉ ተለስልሶ ነበር የሚነገራት። እኔ ያገኘሁት ያን ብቻ ነው።

«መቼ?»

«ከበዓሉ በፊት።»

ጋቢዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «እና ዛሬ ዶሮ አበላችሁኝ?» አለችኝ።

አጎቴ እግሯ ሥር ተደፋ። እሷ አልጮኸችም መጀመሪያ፤ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ታይ ነበር። ከዚያ ጩኸቷ ወጣ፤ ግቢውም ቀናቱን ሙሉ አፍኖ የያዘውን አንድ ላይ ለቀቀው። ሰው በደረጃው እየሮጠ መውጣት ጀመረ። በር ክፍት ነበር። ድፎ ዳቦ ይዘው ጉንጯን የሳሙ ሁሉ አሁን ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ልጆቹ ከሥር እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ከመጋዘን አወጡ። ጥበቃው የግቢውን መብራት ሊያበራ ሄደ፤ ባለሱቁ ደግሞ ባለቀለሙን መብራት ከየበረንዳው እየነቀለ ያጠፋ ጀመር። አጎቴ እንባውን እየጠረገ «እሱንም አጥፊው» አለኝ። እጄን ወደ ፕሮጀክተሩ ስዘረጋ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው። የልጄ ነው።»

ተውኩት። ጥበቃውም ሰማና መብራቱን ሳያበራ ተመለሰ። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት በዚያ በወንድሜ ጽሑፍ ብርሃን ነው የተከሉት። ሸራው ከፍ ሲል የታችኛዋ መስመር ከግድግዳው ላይ ወጥታ ሸራው ላይ አረፈች፤ በእጥፋቱ ተጣመመች። ሰዎቹ ከሥሯ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ጀርባቸው ላይ አንዳንድ ፊደል እየታየ ይጠፋ ነበር። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ እያጉረመረመ አጠገባችን ሠራ። ማንም አላጠፋውም። ሲነጋ ጽሑፉ በራሱ እየሳሳ ሄዶ ግድግዳው ባዶ ሆነ።

አጎቴ በግርግሩ ለሽማግሌዎቹ መደወል ረስቶ ኖሮ ጠዋት በቀጠሯቸው መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ተመካክረው ነበር የመጡት። ድንኳኑን ሲያዩ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እማዬ ፍራሽ ላይ ሆና «ግቡ፣ ተነግሮኛል» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አጎቴን ለሳምንታት አላናገረችውም፤ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ወንድሜን ከቦሌ የካርጎ በር ተቀበልነው። ቀበርነው። ፕሮጀክተሩን ለቤተ ክርስቲያን መለስኩ፤ የመዘምራኑ ኃላፊ በሁለት እጁ ተቀበለኝና አደራውን ስለመጠበቄ ምንም ሳይጠይቅ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። እሁድ እሁድ የመዝሙሩ ግጥም ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ይዘምራል። እኔ ፊደሉ ትልቅ መሆኑን ብቻ አያለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ዘንድሮ ምንም አይሠራም ብለን ነበር፤ ሐዘን ቤት ነው፣ ማንም አይጠብቅም። እማዬ ግን ማልዳ ተነስታ ዶሮ አወራርዳ አገኘኋት። «እቤት ነኝ ብሏል እኮ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ቆየች። አጎቴም ያን ቀን ተጠርቶ መጣ። ሦስታችን ማዕዱን ከበን ስንቀመጥ ባዶውን ወንበር ማንም አላነሳውም።

ቀመስኩት። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ ሁሉ አለ፤ ጨው ግን አንድ ቁንጣሪ የለውም። አጎቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም ጉርሻውን ይዞ ቆሟል። እማዬ ከዚያ በፊት በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ነገር ጠየቀችኝ።

«እንዴት ነው? በዝቷል?»

«አልበዛም እማዬ» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። እስኪያልቅ በላነው፤ ጨው አቀብሉኝ ያለ ሰው የለም።